ሦስት ያት፣ ሦስት ዓይነት ክብደት፦ የትልልቅ የስፖርት ዓሣ ማጥመጃ ያቶች ንጽጽር፣ የጉዳይ ጥናት

የገዢው፣ የካፒቴኑና የሦስቱ ሠሪ ድርጅቶች ስም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የለም። ያቶቹ «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ተብለዋል፤ ማንነታቸውን የሚያጋልጡ ዝርዝሮችም ወጥተዋል። ሦስቱም ከ70 እስከ 75 ጫማ ርዝመት አላቸው፤ እያንዳንዳቸው 2,000 የፈረስ ጉልበት የሚጠጉ ሁለት ባለ 12 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ተጭኖላቸዋል።

## መነሻው

ገዢው ለዓመታት ባለ 60 ጫማ ያት ሲጠቀም ከቆየ በኋላ ከፍ ያለ መጠን ፈለገ። የሚጠብቀው ሥራ ሦስት ዓይነት ነበር። አንደኛው ከኒው ጀርሲና ከሜሪላንድ ዳርቻ ከ60 እስከ 90 የባሕር ማይል ወጥቶ በባሕር ውስጥ ሸለቆዎች አናት ላይ እያጠመዱ አድሮ መመለስ ነው። ሁለተኛው ማርሊን የተባለውን ትልቅ የባሕር ዓሣ የማጥመድ የአንድ ቀን ውድድር ሲሆን ማለዳ ፈጥኖ መድረስን፣ ቀኑን ማጥመጃ እየጎተቱ መዋልንና ዓሣው የሚመዘንበት ሰዓት ሳያልፍ መግባትን ይጠይቃል። ሦስተኛውና አዲሱ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ወዳለችው ቤርሙዳ ደሴት መሄድ ነው። በሰሜን ካሮላይና ዳርቻ ካለው ኬፕ ሃተራስ እስከ ቤርሙዳ ወደ 565 የባሕር ማይል ይሆናል፤ በመካከሉ ነዳጅ የሚሞላበት ቦታ የለም።

በዚህ ዘርፍ ጀልባ የሚሠራባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። እንደ ቫይኪንግ (ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኒው ጀርሲ) እና ሃተራስ (በ1959 እ.ኤ.አ. በሰሜን ካሮላይና የተመሠረተ) ያሉ ትልልቅ ድርጅቶች አንድ ጊዜ ባዘጋጁት ቅርጽ ማውጫ ተመሳሳይ የፋይበርግላስ ቀፎ ደጋግመው ያወጣሉ። ቀፎ ስንል ውሃው ላይ የሚያርፈውን የጀልባውን አካል ማለታችን ነው። በሰሜን ካሮላይና ዳርቻ ያሉት አነስተኛ ሠሪዎች ደግሞ ስስ የኮምፔርሳቶ ንጣፎችን እየደራረቡና በኢፖክሲ እያጣበቁ እያንዳንዱን ጀልባ ለብቻው ይሠራሉ። የእነሱ ጀልባ በአፍንጫው ወደ ውጭ በሰፊው በተዘረጋው ጎኑ ይለያል፤ ይህ ቅርጽ ፍንጣቂውን ወደ ጎን ይጥለዋል። ከቀረቡት ሦስት ያቶች «ሀ» እና «ለ» ከመጀመሪያው ወገን፣ «ሐ» ከሁለተኛው ነበሩ።

## ችግሩ

ሦስቱ የቀረቡበት ወረቀት ሲታይ ምርጫው ያለቀ ይመስል ነበር። «ሐ» 43 ኖት (ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው)፣ «ሀ» 41 ኖት፣ «ለ» 38.5 ኖት ይላል። ገዢውም ልቡ ወደ «ሐ» አዘንብሎ ነበር።

ካፒቴኑ ለሦስቱም ሻጮች አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ላከ፦ ይህ ፍጥነት ሲለካ ጀልባው ምን ይዞ ነበር? መልሶቹ ሲመጡ ቁጥሮቹ ጎን ለጎን ሊቀመጡ የማይችሉ ሆነው ተገኙ። «ሀ» የተለካው ታንኩ አንድ ሦስተኛ ብቻ ተሞልቶ፣ ዓሣ ከላይ ሆኖ ለማየት የሚወጣበት ማማና መንገዋለልን የሚገታው ጋይሮ ማረጋጊያ ሳይገጠሙለት ነው። «ለ» የተለካው በሙሉ ነዳጅና በሙሉ ውሃ ነው። የ«ሐ» ቁጥር ደግሞ ከገዢው ጀልባ ሳይሆን ቀደም ብሎ ከተሠራ እህት ጀልባ የተወሰደ ነበር፤ ያውም በአንድ አቅጣጫ ብቻ በጂፒኤስ የተለካ። ልኬቱ የተካሄደበት ቦታ ገልፍ ስትሪም የሚያልፍበት ሲሆን እዚያ የውሃው ፍሰት ብቻውን ሦስት ኖትና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል።

አንድ ጋሎን ናፍጣ 3.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የ«ሀ» ታንክ 1,900 ጋሎን ይይዛል፤ ስለዚህ በሙሉ ታንክና በአንድ ሦስተኛ መካከል ያለው ልዩነት አራት ቶን ነው። ማማው፣ ጋይሮው፣ ትልቅ ዓሣ የሚታገል አጥማጅ የሚቀመጥበት የትግል ወንበርና ሁለተኛው ጄኔሬተር ሲታከሉ ሌላ ጀልባ የተለካ ያህል ይሆናል። ሦስቱ ሻጮች አልዋሹም፤ እያንዳንዳቸው የተናገሩት ስለ ሌላ ክብደት ነበር።

## የተወሰዱት እርምጃዎች

መጀመሪያ ጀልባዎቹ ተመዘኑ። ጀልባ ከውሃ የሚያወጣው ትራቭል ሊፍት በማንጠልጠያ ቀበቶዎቹ ላይ የጭነት መለኪያ አለው፤ እስከ መቶ ኪሎ ድረስ አይታመንም፣ ለዚህ ሥራ ግን በቂ ነው። ሦስቱም በ75 በመቶ ነዳጅ፣ በሙሉ ንጹህ ውሃ፣ ማማና ጋይሮ ተገጥሞላቸው፣ ሰውና የማጥመጃ ዕቃ ሳይጫን ተመዘኑ። «ሀ» 61.8 ቶን፣ «ለ» 58.9 ቶን፣ «ሐ» 49.7 ቶን ሆኑ። የ«ሀ» ብሮሸር 56 ቶን ይል ነበር።

ቀጥሎ የባሕር ላይ ሙከራ ተደረገ። ለበረዶ፣ ለማጥመጃና ለመለዋወጫ ምትክ ውሃ የተሞሉ በርሜሎች ኋላ ባለው የማጥመጃ ሜዳ ላይ ተጫኑ፤ ጠቅላላ ክብደታቸው 1.2 ቶን ነበር። (ይህ ግምት በኋላ ዋጋ አስከፍሏል።) ሞተሩ በደቂቃ ከሚዞረው 1,000 ዙር ጀምሮ በየ250 ዙሩ ፍጥነት፣ የነዳጅ ፍጆታና የሞተር ጭነት ተመዘገቡ። እያንዳንዱ ልኬት በአንድ መስመር ላይ ሄዶ በመመለስ ተወስዶ አማካዩ ተያዘ፤ ይህ የፍሰትንም የነፋስንም ተጽዕኖ በአብዛኛው ያጠፋል። ውጤቱ እንዲህ ሆነ፦

«ሀ» ከፍተኛ ፍጥነት 38.4 ኖት፤ በ80 በመቶ የሞተር ጭነት 32.5 ኖት፣ በሰዓት 142 ጋሎን።
«ለ» ከፍተኛ ፍጥነት 37.9 ኖት፤ በ80 በመቶ ጭነት 31.6 ኖት፣ በሰዓት 145 ጋሎን።
«ሐ» ከፍተኛ ፍጥነት 40.6 ኖት፤ በ80 በመቶ ጭነት 34.0 ኖት፣ በሰዓት 136 ጋሎን።

በወረቀት ላይ የነበረው የአራት ኖት ተኩል ልዩነት ወደ 2.7 ኖት ወረደ። «ሀ» እና «ለ» ደግሞ ግማሽ ኖት ብቻ ተለያዩ።

የነዳጅ ቁጥሩ የተወሰደው ከሞተሩ ኮምፒዩተር ስክሪን ነው። ኮምፒዩተሩ በፍሰት ቆጣሪ አይለካም፤ ነዳጅ የሚረጨው መርፌ ከሚከፈትበት ጊዜና ከግፊቱ ያሰላል። ስለዚህ «ሀ» አንድ ሙሉ ቀን ከሠራ በኋላ ታንኩ እንደገና እስከ አፉ ተሞልቶ ከስክሪኑ ጋር ተመሳከረ። የጄኔሬተሩ ፍጆታ ከተቀነሰ በኋላ የቀዳው ማሽን ከስክሪኑ በ4 በመቶ በልጦ ተገኘ። ከዚያ በኋላ በሁሉም ስሌት ላይ አምስት በመቶ መያዝ የካፒቴኑ ደንብ ሆነ፤ እዚህ የሰፈሩት ግን የስክሪኑ ቁጥሮች ናቸው።

## ፕሮፔለሩ

ይህ ክፍል ብቻውን የሙከራውን ድካም ይክሳል። የሞተሮቹ ደረጃ ዙር፣ ማለትም በሙሉ ጋዝ ሊደርሱበት የሚገባው፣ በደቂቃ 2,300 ነው። «ሀ» በሙሉ ጋዝ 2,270 ላይ ቆመ። ሠላሳ ዙር ኢምንት ሊመስል ይችላል፤ ትርጉሙ ግን ፕሮፔለሩ ሞተሩ ሊያዞረው ከሚችለው በላይ ውሃ እየነከሰ ነው ማለት ነው። ጀልባው በዕድሜው ይከብዳል እንጂ አይቀልም፤ ቀፎው ሲያድፍና ባሕሩ ሲሞቅ ዙሩ የበለጠ ይወርዳል። በዚህ ሁኔታ የሚሠራ ሞተር በማንኛውም ፍጥነት ከሚገባው በላይ ይጫናል፣ የጭስ ሙቀቱ ይጨምራል። ሞተር አምራቾችም የዋስትና ጥያቄ ሲቀርብላቸው መጀመሪያ የሚያዩት ይህን ቁጥር ነው።

ሠሪው የሁለቱንም ፕሮፔለሮች ፒች (ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚገፋበትን ርቀት) በአንድ ኢንች እንዲቀንስ ተጠየቀ። መጀመሪያ «ከፍተኛው ፍጥነት ይቀንሳል» ብሎ አንገራገረ። ተቀንሶ ሲሞከር ሞተሩ 2,325 ደረሰ፣ ከፍተኛው ፍጥነት 38.5 ሆነ፤ ማለትም ምንም አልጎደለም። በ2,000 ዙር ላይ የነበረው ጭነት ግን ከ82 ወደ 78 በመቶ ወረደ። ባዶ ጀልባ ላይ ተለክቶ የተመረጠ ፕሮፔለር ብሮሸሩን ያሳምራል፤ የሚሠራው ግን የተጫነ ጀልባ ነው።

## ሻካራ ባሕር፣ ወደ ኋላ መንዳትና ጋይሮ

የመጀመሪያው ሙከራ ቀን ባሕሩ ዝም ያለ ስለነበር ስለ አካሄድ ምንም አላስተማረም። ሁለተኛ ቀን ተጠበቀና ማዕበሉ 1.2 እስከ 1.5 ሜትር ሆኖ፣ እርስ በርሱ ተቀራርቦ በሚመጣበት ጊዜ ተወጣ። ማዕበሉን ፊት ለፊት ሲገጥሙ «ሀ» 27 ኖት ይዞ መቀጠል ቻለ፣ «ለ» 26፣ «ሐ» ወደ 24 መውረድ ነበረበት። ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። «ሐ» ቀላል ነው፣ የቀፎው ስርም ኋላ ላይ ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ በጸጥታ ውሃ ላይ ነዳጅ የሚቆጥብለት ያው ባሕርይ ማዕበል ላይ ያስመታዋል። በጎን ማዕበል ግን ለተዘረጋው አፍንጫው ምስጋና ይግባውና ከሁሉም ደረቅ ሆኖ የሄደው እሱ ነው። ማዕበሉ ከኋላ ሲገፋ «ለ» አፍንጫውን ወደ መስጠም ያዘነበለ ሲሆን ነጂው መሪውን ያለ ዕረፍት ማረም ነበረበት።

ትልቅ ዓሣ መስመር ይዞ ሲሸሽ ጀልባው ወደ ኋላ በፍጥነት ይነዳል፤ ውሃም በኋላው ግድግዳ ላይ ይገባል። ይህን ሻጮች በፈቃዳቸው አያሳዩም፣ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሦስቱም በስድስት ኖት ወደ ኋላ ለአንድ ደቂቃ ተነዱ፤ ከዚያ ሜዳው ውሃውን ጨርሶ እስኪያፈስ ያለው ጊዜ ተለካ። «ሐ» 25 ሰከንድ፣ «ሀ» 40 ሰከንድ፣ «ለ» ከአንድ ደቂቃ በላይ ወሰዱ። የ«ለ» የኋላ በር ጎማ ውሃውን ወደ ማከማቻው ክፍል ያስገባ ነበር፤ ይህ በቀላሉ የሚስተካከል ነገር ነው፣ የመፍሰሻዎቹ ጥበት ግን አይደለም።

ጋይሮ ማረጋጊያ በከባድ ጎማ መሽከርከር የጀልባውን መንገዋለል የሚገታ መሣሪያ ነው። ሦስቱም ሻጮች ጋይሮውን አስነስተው ነው ደንበኛ የሚያሳፍሩት። ካፒቴኑ በእያንዳንዱ ላይ ሞተሩ ዝም ብሎ፣ ጋይሮው ተቆልፎ ሃያ ደቂቃ ተንሳፍፎ መቆየት አለበት አለ። ጎማውን ማስቆም አያስፈልግም፤ የመቆለፊያው ቁልፍ ብቻ ይበቃል። እዚያ ላይ የከፍታው ክብደት ወዲያው ተሰማ፦ ትልቁን ማማ የተሸከመው «ሀ» ከሁሉም በላይ ተንገዋለለ። ጄኔሬተሩ የተበላሸ ቀን ጀልባው የሚሆነው ይህ ነው።

## የሞተር ክፍሉ

እዚህ ላይ የተሠራው ሙከራ ቀላል ነበር፦ አንድ ረዳት፣ አንድ የመሣሪያ ሣጥን፣ አንድ ሰዓት። የባሕር ውሃ ማጣሪያውን ማጽዳት፣ የነዳጅ ማጣሪያ መቀየር፣ የባሕር ውሃ ፓምፑን የጎማ መዘውር አውጥቶ መመለስ። ሁሉም ሞተሩ ሞቆ ከመጣ በኋላ፣ በግራው ሞተር ውጭኛ ጎን ላይ፤ ምክንያቱም በውስጠኛው ጎን ማንም ይደርሳል።

የፓምፑ ሥራ በ«ሐ» 25 ደቂቃ፣ በ«ሀ» 35 ደቂቃ፣ በ«ለ» አንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ ወሰደ። በ«ለ» ላይ የጭስ መውጫው ቧንቧ ፓምፑን ስለሸፈነው ረዳቱ ሁለት ማሠሪያ ፈትቶ በሆዱ መተኛት ነበረበት። ሌሊት፣ ከመሬት 80 ማይል ርቀት ላይ፣ ጀልባው እየተናጠ ያ ሥራ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ መገመት አያዳግትም። «ለ» በእርግጥ ከውድድሩ የወጣው በዚህ ቀን ነው ማለት ይቻላል፤ ምንም እንኳ ወረቀቱ ላይ ገና ቢቆይም።

ድምፅም ተለካ፤ በ30 ኖት ሳሎን ውስጥ «ሐ» 69 ዴሲቤል፣ «ሀ» 72፣ «ለ» 74። እንጨት ንዝረትን ይውጣል።

## ያልሠራው

የገዢው አማካሪ አሥራ አንድ መስፈርት ያለው የነጥብ ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ ነበር። ውጤቱ ከመቶ «ሀ» 81፣ «ሐ» 80፣ «ለ» 79። ለድምፅ የተሰጠው ክብደት በአምስት ሲጨምር «ሐ» አንደኛ ሆነ፤ ለስፋት ሲጨምር ደግሞ «ለ»። ሁለት ሳምንት የተደከመበት ሠንጠረዥ ገዢው አስቀድሞ የሚወደውን መልሶ ከመንገር ያለፈ አልጠቀመም። ተጣለ።

በምትኩ ሦስቱ እውነተኛ ጉዞዎች በሒሳብ ተሄዱ። ለሸለቆው ጉዞ 75 ማይል መውጣት፣ 75 መመለስ፣ 14 ሰዓት ማጥመጃ መጎተት፣ 24 ሰዓት ጄኔሬተር ተያዘ። «ሀ» 944 ጋሎን፣ «ለ» 977፣ «ሐ» 846 ያስፈልጋቸዋል። ሦስቱም በቀላሉ ይችሉታል፤ በአንድ ጉዞ መቶ ጋሎን ግን በዓመት ሲደመር ቀላል አይደለም።

ቤርሙዳ ላይ ነገሩ ተለየ። በ32 ኖት ከሦስቱ አንዳቸውም አይደርሱም፤ «ሀ» 90 በመቶውን ታንክ ቢጠቀም 391 ማይል ላይ ያልቅበታል። በ10 ኖት ግን ጀልባው ውሃው ላይ ሳይወጣ በገዛ ማዕበሉ ውስጥ ስለሚሄድ ለአንድ ማይል የሚፈጀው ናፍጣ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። 57 ሰዓት ይፈጃል። «ሀ» 1,442 ጋሎን ተጠቅሞ 24 በመቶ ይተርፈዋል፣ «ሐ» 1,216 ተጠቅሞ ከ1,650ው 26 በመቶ፣ «ለ» 1,386 ተጠቅሞ ከ1,700ው 18 በመቶ። የካፒቴኑ ደንብ 20 በመቶ መጠባበቂያ ስለሆነ «ለ» ሜዳው ላይ ተጨማሪ የጎማ ታንክ ካልጫነ አይሄድም። በመካከል ያለው ፍጥነት ከሁለቱም የባሰ ነው፦ «ሀ» በ14 ኖት ለአንድ ማይል የሚፈጀው ናፍጣ በ32 ኖት ከሚፈጀው ይበልጣል። «ትንሽ ቀስ እንበልና ነዳጅ እንቆጥብ» የሚል ነጂ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

## ውሳኔውና ከርክክብ በኋላ

በጉዞዎቹ ሒሳብ «ሐ» ይበልጥ ነበር። ያስቀረው ሌላ ነገር ነው፦ ርክክቡ ከ28 ወር በኋላ፣ ውሉም ቁርጥ ዋጋ የሌለው፣ ወጪ እየተደመረ የሚሄድ ነበር። ገዢው ከሁለት የውድድር ዘመን በላይ መጠበቅ አልፈለገም። «ሀ» ተገዛ። ለውድድር ብቻ ለሚገዛ ሰው ግን «ሐ» የተሻለ ምርጫ እንደነበር ከሙከራው ቁጥር መካድ አይቻልም።

ጀልባው ሥራ ከጀመረ በኋላ ሁለት ነገሮች ተገለጡ። የመጀመሪያው የ1.2 ቶኑ ግምት ነው። በረዶ፣ የማጥመጃ ዕቃ፣ ተጨማሪ ማቀዝቀዣ፣ መሣሪያና ሁለት መለዋወጫ ፕሮፔለር (ብቻቸውን 280 ኪሎ) ሲጫኑ 1.9 ቶን ሆነ፤ ሁሉም ኋላ ላይ። አፍንጫው ከፍ አለ፣ የጉዞ ፍጥነቱ ከ32.5 ወደ 31.4 ኖት ወረደ። ፕሮፔለሮቹና የመሣሪያው ሣጥን ወደ ፊተኛው ክፍል ወለል ስር ሲዛወሩ ከጠፋው ፍጥነት ከግማሽ በላይ ተመለሰ።

ሁለተኛውን ማንም አላሰበበትም። ጀልባው በሚታሰርበት ወደብ ያለው ትራቭል ሊፍት 63.5 ቶን ያነሳል። «ሀ» በሙሉ ነዳጅና ከነዕቃው 65 ቶን አለፈ። ክብደቱ ከግዢው በፊት ተመዝኖ ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር፤ ከማንሻው አቅም ጋር ጎን ለጎን ያስቀመጠው ግን አልነበረም።

## ሌላ ገዢ ሊጠቀምበት የሚችለው

ፍጥነት፣ ፍጆታም ሆነ ርቀት ሲነገር አጠገቡ ክብደቱ ካልተጻፈ ቁጥሩን አትቀበሉ። ሻጩ የተለካበትን ጭነት በጽሑፍ ካልሰጠ ራሳችሁ እስክትለኩ ድረስ ቦታውን ባዶ ተዉት።

ኋላ የሚጫነውን ዕቃ አትገምቱ፤ የምትተኩትን ጀልባ ባዶ አድርጋችሁ እያንዳንዱን ዕቃ መዝኑ። እዚህ ጉዳይ ላይ ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፣ አልተሠራም።

ዋጋ የሚነጻጸረው ዕቃው እኩል ከሆነ በኋላ ነው። በ«ሀ» እና በ«ሐ» መካከል መጀመሪያ የታየው 19 በመቶ ልዩነት ማማ፣ ጋይሮ፣ ኤሌክትሮኒክስ፣ የባሕር ውሃን የሚያጣራ የመጠጥ ውሃ ማውጫና ሁለተኛ ጄኔሬተር ሲስተካከሉ ወደ 6 በመቶ ወረደ።

ከመፈረማችሁ በፊት የወደባችሁን ማንሻ አቅምና ውስጣዊ ስፋት፣ የማሰሪያውን ስፋትና የባሕሩ ውሃ በሚሸሽበት ጊዜ የመግቢያውን ጥልቀት ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ የማንሻ አቅም የሚጻፈው 907 ኪሎ በሆነው አጭር ቶን ነው፤ ማንሻው ላይ የተጻፈው 70፣ በሜትሪክ ቶን 63.5 ማለት ነው።

በውሉ ላይም የፕሮፔለር አንቀጽ አስገቡ፦ ጀልባው በሙሉ ነዳጅ፣ በሙሉ ውሃና በተስማማችሁበት የኋላ ጭነት ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው የሞተሩን ደረጃ ዙር ካልደረሰ ሠሪው በራሱ ወጪ ፒቹን ቀይሮ እንደገና ይሞክራል። በ«ሀ» ውል ላይ «በሙሉ ነዳጅ» የሚለው ብቻ ተጽፎ የኋላው ጭነት ተረስቷል፤ ስለዚህ 1.9 ቶኑ ከተጫነ በኋላ ያስፈለገውን ሁለተኛ ማስተካከያ የከፈለው ገዢው ነው። ጀልባው ለቀለም በሚወጣበት ጊዜ ደግሞ ካፒቴኑ ታንኩን እስከ 20 በመቶ ያወርደዋል፤ ያኔ ከነዕቃው 60.3 ቶን ስለሚሆን የወደቡ ማንሻ ያነሳዋል።